ትርፍ ቅጠል

እትዬ ርክክብ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት የሆስፒታል አንሶላና ብርድ ልብስ መጋዘን ሲይዙ ሳይቆጥሩ የተቀበሉት፣ ሳያስፈርሙ የሰጡት ጨርቅ አልነበረም። ጡረታ ሲወጡ በስጦታ የተሰጣቸውን ብርድ ልብስ እንኳ ዘርግተው፣ ጠርዙን መርምረው፣ "ይሄ ከየትኛው ክምር ወጣ?" ብለዋል ይባላል።

ስለዚህ ሊፍት ጠጋኙ ልጃቸው ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ሊሄድ ሲል፣ የሚሳሳለትን ባለ ሰፋፊ ቅጠል ተክል አምጥቶ መኝታ ክፍላቸው መስኮት ሥር ሲያኖር፣ መጀመሪያ ያደረጉት ቅጠሉን ቆጥረው መዝገባቸው ላይ ማስፈር ነው።

"አሥራ አንድ። ፈርም።"

"እማዬ፣ ተክል እኮ ነው!"

"አንሶላም አንሶላ ነበር። ፈርም።"

እየሳቀ ፈረመ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገ። "ውኃ በሳምንት አንዴ፤ እሱንም ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ከተሽ ደረቅ ሆኖ ካገኘሽው ብቻ። ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። ቀጥታ ፀሐይ እንዳይመታው። ከእሷ ጋር ሆናችሁ ጠብቁልኝ" አለ፣ ሚስቱን በዓይኑ እያመለከተ። "በአንድ ተክል እንኳ መስማማት ካቃታችሁ ግን፣ ስመለስ ቤት ተከራይተን እንወጣለን።"

ያላቸው ልጅ እሱ ብቻ ነው። እሱ ከወጣ በቤቱ የሚቀረው የእሳቸው ሳልና የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ነው። ምራታቸው ደግሞ መነጽር ቤት የምትሠራ፣ ቃሏ እንደ ዓይን መድኃኒት በጠብታ የሚወጣ ሴት ናት። እትዬ ርክክብ ነገሩን አገላብጠው አዩት። ተክሉ ቢሞት የሚጠቀመው ማን ነው? ቤት መከራየት ያማራት፣ እሷው ናታ!

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ለእግር ጉዞ ሲወጡ ከሽበታቸው አንዷን ነቅለው በምራቅ በመኝታ ክፍላቸው በርና መቃን ላይ ይለጥፋሉ። ሲመለሱ ፀጉሯን ወለል ላይ ያገኟታል። አንድ ቀን ቢሆን ነፋስ ነው ይባላል። ሰዓት ጠብቆ በየቀኑ በር የሚከፍት ነፋስ ግን ደመወዝ የሚበላ ነፋስ መሆን አለበት።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄን ተክል ነክተሽዋል?" አሉ አንድ ቀን፣ አፈር የነካ ጣታቸውን እንደ ሐኪም ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው።

"ኧረ እማማ፣ እኔ ቁልቋል ያደረቅሁ ሰው ነኝ። በየት አውቄው ነው የምነካው?"

ቁልቋል የገደለች እጅ! እትዬ ርክክብ ይህንንም በሆዳቸው ያዙ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ቅጠሉ አሥራ ሁለት ሆኖ ተገኘ። ደግመው ቆጠሩ። መነጽራቸውን ጠርገው ቆጠሩ። መነጽሩን የሠራችላቸው ምራታቸው መሆኗ ትዝ ሲላቸው አውልቀው ቆጠሩ። ያው አሥራ ሁለት።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። የመጋዘን ሰው ግን ጉድለት አያስደነግጠውም፤ ጉድለት ማለት አንድ ሰው ዘነጋ ማለት ነው። ትርፍ ማለት ግን አንድ ሰው አሰበበት ማለት ነው። በአንድ ወቅት ሰባት ትርፍ አንሶላ ተገኝቶ አለቆች ሲያጨበጭቡ፣ እሳቸው ሜትር አምጥተው ክምሩን በሙሉ ለኩ። ለካስ ከየአንሶላው አንድ አንድ ስንዝር ተቆርጦ፣ ቁራጩ ተሰፍቶ ነው ሰባቱ የተወለዱት።

"የልጄን ተክል ልትገድል የባዕድ ተክል ቅጠል ሰክታበታለች!" አሉ ለብቻቸው።

የተፈረመው ግን አሥራ አንድ ነው፤ ሰነድ አይዋሽም። መቀስ አመጡ። ቀለሙ ያልጠና፣ ለስላሳ፣ ከሌሎቹ ጋር የማይመሳሰል አንድ ቅጠል ነበር። ከውጭ ለመግባቱ ፊቱ ይመሰክራል። ቆረጡት፣ ፖስታ ውስጥ ከተቱት፣ በላዩ "ትርፍ" ብለው ጽፈው ቀኑን ጨመሩበት፣ ፈረሙና ኪሳቸው ጨመሩት።

ምራታቸው ከሥራ ስትገባ ተክሉ አጠገብ ወንበር ስበው ጠበቋት።

"ተቀመጪ።"

"ደግሞ ምን አጠፋሁ?"

"ክፍሌ ትገቢያለሽ ወይስ አትገቢም?"

"እገባለሁ።"

የተዘጋጁት ለክህደት ነበር። ምራታቸው ስልኳን አውጥታ ዘረጋችላቸው። "በየቀኑ ፎቶ አነሳዋለሁ። ለማስረጃ።"

"የምን ማስረጃ?"

"አንድ ነገር ቢሆን 'እሷ ናት' እንደሚሉኝ አውቃለኋ!"

እትዬ ርክክብ ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት አዩዋት። መጋዘን የምትይዝ ሴት!

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳየቻቸው። በመጀመሪያው ቀን ከግንዱ ጥግ እንደ እርሳስ የቀጠነ አረንጓዴ ጥቅልል ቆሟል፤ እሳቸው ግንድ ብለው ያለፉት። በአምስተኛው ቀን ረዘመ። በአሥረኛው ጎኑ ተሰነጠቀ። ከዚያ እንደ ተጠቀለለ አንሶላ ቀስ እያለ ተፈታ፣ ተፈታ፣ ዛሬ ጠዋት ጠፍጣፋ ቅጠል ሆኖ ተዘረጋ።

"ከራሱ ነው እንዴ የሚያወጣው?" አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

"እኔም ከፎቶው ነው የተማርኩት። ቆይ ግን..." ቀና ብላ ተክሉን አየች። "አሁንስ የታለ?"

የእትዬ ርክክብ እጅ ሳይታዘዝ ኪሳቸውን ሸፈነ። የፖስታው ጫፍ ግን ወጣ ብሎ ነበር።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። ልጃቸው ነው፤ ምራታቸው ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"ተክሌስ? ያቺ ጥቅልል ተፈታች? ዓይን ዓይኗን እያየሁ ነው እኮ የሄድኩት!"

በሃያ ስምንት ዓመት አንድም ጉድለት ያልተገኘባቸው ሴት ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ገና ናት" አለች ምራታቸው። "ተክል እንዳንተ አይቸኩልም።"

"እማዬስ?"

"ይሄው አጠገቤ ናቸው። አብረን እየጠበቅናት ነው።"

"አብራችሁ? ሁለታችሁ? እንግዲያው የዚያን የቤት ደላላ ስልክ አላነሳም" ብሎ እየሳቀ ዘጋ።

"ለምን ሸፈንሽኝ?" አሉ እትዬ ርክክብ። ከልባቸው አመስግነዋታል፤ ከልባቸውም ጠርጥረዋታል።

"ደላላው ያሳየን ቤት ይህን የሚያክል መስኮት የለውም።"

እትዬ ርክክብ መዝገባቸውን ገፋ አደረጉላት። "ከነገ ጀምሮ ቆጠራው በሁለት ሰው ነው። ፈርሚ።"

"ፖስታውም አብሮ ይመዝገብ።"

"ፖስታው እኔ ጋ ነው የሚቀመጠው!"

"ግድ የለም" አለች ምራታቸው እየፈረመች። "ፎቶ አንስቼዋለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ፀጉር አልነበረም። ሁለት ሴቶች የተክሉን ሸክላ በሁለት ወገን ከበው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተዋል።

"እርጥብ ነው" አሉ አንዷ።

"በእኔም በኩል እርጥብ ነው" አለች ሌላዋ።

ከዚያ ቦታ ተለዋውጠው እንደገና ከተቱ።