ከእትዬ የቀረ ዘር

ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷን በቀበረች ሰሞን ከጓዳ አንድ ብልቃጥ የሽንኩርት ዘር አገኘች። ዘሩ ከርሟል፤ የሽንኩርት ዘር ደግሞ ከከረመ እምብዛም አይበቅልም። ቢሆንም መጣሉን አንጀቷ እምቢ አላትና ጓሮ መደብ አበጅታ፣ በጣቷ ቦይ አውጥታ ዘራችው። ስስ አፈር መልሳበት ውሃ አርከፈከፈች።

በማግስቱ ጠዋት ስትወጣ መደቡን ርሶ አገኘችው። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ዝናብ ደግሞ የለም። ጡረተኛው ሹፌር ጎረቤቷ መስለዋት በአጥሩ በኩል ተጣራች።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አይልፉ፣ እኔው አጠጣዋለሁ።»

«የምን ማጠጣት ነው ልጄ? ጎህ ሲቀድ እዚያ የምታንጎራጉሪው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ጓሮ ስትሠራ የምታንጎራጉረው እትዬ ነበረች እንጂ እሷ ዘፈን የሚባል አታውቅም።

በነጋታው ማልዳ በሩን ከፈተች። ማንም የለም። ማጠጫው ግን መደቡ አጠገብ ተቀምጦ ከአፉ ውሃ ይንጠባጠባል። እርጥቡ አፈር ላይ እንደ ክር የቀጠኑ፣ አንገታቸውን የደፉ ቡቃያዎች ብቅ ብለዋል። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«እትዬ፣» አለች፣ «በቅሏል እኮ። በቃ፣ አሁን እረፊ።»

ከዚያ ወዲያ መደቡ በራሱ ርሶ አያውቅም። ሽንኩርቱ አምሮበት አደገ፤ ለጎረቤትም ተረፈ። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት በሩን ሳትከፍት ቆማ ጆሮዋን ትጥላለች። ኮሽታ ስታጣ «ምነው እረፊ ባላልኳት!» እያለች ወደ መደቡ ትወርዳለች።