በአንድ እጅ የሚነሳ አምፕሊፋየር

የድሮው አምፕሊፋየሬ ሁለት እጀታ ነበረው። አንዱን እኔ ሌላውን ወንድሜ ይዘን ደረጃ ስንወጣ፣ ሁልጊዜ ከታች የሚሆነው እሱ ነበር። ክብደቱ ወደ ታችኛው ሰው እንደሚሄድ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ አንድም ቀን ግን አላወራንበትም።

ወንድሜ መኪና ቀለም ቀቢ ነበር። ሙዚቃ አይሆንለትም፤ ሲያንጎራጉር እንኳ እናታችን «ኧረ ተው፣ ጎረቤት ምን ይለናል» ትለው ነበር። ሆኖም ዘጠኝ ዓመት ቤዝ ጊታር በተጫወትኩባቸው አዳራሾች ሁሉ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት ድምፅ ስንሞክር ከኋላ ግድግዳው ጋ የሚቆመው እሱ ነው። መዳፉን ወደ ላይ ሲያነሳ እጨምራለሁ፣ ወደ ታች ሲያወርድ እቀንሳለሁ፣ ሲጨብጥ እተወዋለሁ። መድረክ ላይ የቆመ ሰው ድምፁ ሕዝቡ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚመስል አያውቅም። ስለዚህ ከጆሮዬ ይልቅ የሱን እጅ አምን ነበር።

ከሞተ አራት ወር ሆነው። ሥራ ቦታው እንደቆመ ወደቀ፤ ልቡ ነው አሉን።

በአራቱ ወራት ጊታሬን ከቦርሳው አላወጣሁም። ሐዘን ነው እንዳልል አላለቀስኩም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ መሥሪያ ቤት ገብቼ ፋይል እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ሰው ሲያጽናናኝ አመሰግናለሁ፤ ዞር ሲል ምን እንዳለኝ አላስታውስም።

የቡድናችን መሪ ኪቦርድ ተጫዋቿ ናት። አንድ ነገር ሁለቴ ስለማትናገር ዳኛ እንላታለን። ሐሙስ ዕለት ደወለችልኝ። እሑድ ከሰዓት አንድ ድርጅት ለሠራተኞቹ ግብዣ እንዳዘጋጀ፣ አዳራሹ የራሱ ትልልቅ ስፒከሮችና የድምፅ ባለሙያ እንዳለው ነገረችኝ። ያንን ቁም ሣጥን የሚያክል ነገር ይዤ እንዳልመጣ፣ ራሴን የምሰማበት ትንሽ ነገር እንደሚበቃኝም ጨመረች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «እስካሁን በሰው ሸፍኜልሃለሁ። እሑድ ካልሆነልህ ቦታውን ለሱ እሰጠዋለሁ» አለች። አልተቀየምኳትም። አራት ወር ብዙ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የወንድሜ ሚስት በሱ መኪና የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫው ድረስ ወሰደችኝ። ጠባብ ሱቅ ነው፤ ጊታሮች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፣ መሐል መሐሉ በካርቶን ተሞልቷል። ሻጩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚያስቀምጥ ሽማግሌ ነበር። የምፈልገውን ከጠየቀኝ በኋላ ሁለት አምፕሊፋየሮች ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። ሁለቱም ማጉያውና ስፒከሩ በአንድ ሣጥን የተሠሩ ናቸው። አንደኛው ተለቅ ይላል። ሁለተኛው የሽንኩርት ሣጥን ቢያክል ነው፤ ጀርባው ሰያፍ ስለተቆረጠ ወደ ኋላ ሲጋደም ወደ ሰው ፊት ቀና ብሎ ያያል።

በትልቁ ስጫወት የባንኮኒው መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ድምፁ ወፍራምና ሞቃት ነው። ትንሹ አፍንጫውን ተይዞ እንደሚናገር ሰው ነበር። ትልቁ ይሻላል አልኩት።

«እዚህ ብቻህን ነህ» አለኝ። «ብቻውን ሲሆን የማያምር ቤዝ የለም። ከበሮ ሲገባበት ያ ወፍራሙ ይሰምጥብሃል። ለመሆኑ ለሕዝቡ ድምፁን የሚያደርሰው ማነው?»

«አዳራሹ።»

«እንግዲያው ለራስህ ጆሮ ግዛ፣ ለሕዝቡ ጆሮ አትግዛ።»

ከትንሹ ጀርባ ወደ ድምፅ ባለሙያው ሚክሰር የሚሄደው ኬብል የሚሰካበትን ቀዳዳ አሳየኝ። አጠገቡ ስላለችው ትንሽ ቁልፍም በትዕግሥት አስረዳኝ። ራሴን ነቀነቅኩ፤ አንዱም ቃል አልገባኝም። መምረጥም አልቻልኩም። የትኛውን ይዤ ብወጣ ለኔ ያው ነበር።

የወንድሜ ሚስት ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ትልቁን አንስታ እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። ትንሹንም እንዲሁ አደረገች።

«ይቺን ውሰድ» አለች፣ እጇን እያራገፈች።

«ድምፁስ፣ እትዬ?»

«ድምፁን አንተ ታውቃለህ። እኔ የማውቀው ማን እንደሚሸከመው ነው።»

ትንሹን በቀኝ እጄ ይዤ ወጣሁ። ግራ እጄ ሥራ አጣ፤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

እሑድ ስደርስ አስተናጋጆች ወንበር እየደረደሩ ነበር። ከበሮ መቺያችን የእናቱን ዕቃ እየደበደበ ስለተማረ ብረት ድስት ነው የምንለው። አቅፎኝ ሲያበቃ የያዝኩትን አየና «ምሳ ዕቃህን ነው ያመጣኸው?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም በሰዓቱ ሳቅሁ።

የድምፅ ባለሙያው ከአምፕሊፋየሬ ወደ ሚክሰሩ ኬብል ዘረጋ፣ አዳራሹ መሐል ካለው ጠረጴዛው ተመልሶ ጀምር አለኝ። አንድ ሁለት ኖታ እንደመታሁ ዓይኔ ወደ ኋላ ግድግዳው ሄደ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ቆሟል። መዳፉን ወደ ላይ አነሳ። ጨመርኩ። አሁንም አነሳ። አሁንም ጨመርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሳ አዳራሹ ጓ አለ፤ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ፣ የድምፅ ባለሙያው የጆሮ ማዳመጫውን ከራሱ ላይ መንጭቆ አወለቀ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰው አስተናጋጅ ጓደኛው የጠረጴዛውን ጫፍ ከፍ እንዲያደርግለት ነበር የሚያሳየው። ሁለቱም ጠረጴዛውን እንደያዙ ዞረው አዩኝ።

ባለሙያው ሳይቸኩል መድረኩ ላይ ወጣ። «ወንድሜ፣ እኔ ስቀንስ አንተ ትጨምራለህ። ልንጣላ ነው እንዴ?» አለና ጎንበስ ብሎ ያቺን ትንሽ ቁልፍ ተጫናት። ሳትጫን ከቆየች እኔ ስጨምር ወደሱ የሚሄደውም አብሮ እንደሚጨምር አስረዳኝ። አሁን ግን ተለያይተናል አለኝ፤ የሕዝቡ በሱ እጅ ነው፣ እዚህ ያለው የኔ ብቻ ነው።

ዳኛ ከኪቦርዷ ጀርባ ስታየኝ ቆይታለች።

«ማንን ነው የምታየው?»

«አስተናጋጁን» አልኩ።

ወደ ኋላ ግድግዳው ዞር አለች፣ ከዚያ ወደኔ። ብረት ድስት በትሮቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ መሬት መሬት አየ። እሱ የወንድሜን እጅ ዘጠኝ ዓመት ያውቀዋል። ዳኛ ስልኳን አነሳች። እስካሁን የሸፈነልኝ ቤዝ ተጫዋች ቅርብ ነው የሚኖረው፤ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ ነግራዋለች፤ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል።

«ትችላለህ ወይስ ልደውል?»

«አንድ ዘፈን ስጪኝ።»

ከበሮው ሲገባ የራሴ ድምፅ ጠፋብኝ። ዓይኔ ወደ ግድግዳው ሊሄድ ሲል ጀርባዬን ለአዳራሹ ሰጥቼ ወደ ሣጥኑ ዞርኩ። ወፍራሙን ድምፅ ቀነስኩ፣ መሐለኛውን ከፍ አደረግኩ። ያ አፍንጫውን የተያዘ ድምፅ በከበሮውና በኪቦርዱ መሐል መጣ። አያምርም፤ ግን እያንዳንዱ ኖታ ይለያል። ትንሽ ጨመርኩ። ትንሽ ደግሜ ጨመርኩ። ከዚያ እጄን ከማስተካከያው አነሳሁና መጫወት ቀጠልኩ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ዳኛ ደወለች። ሰውየውን አመስግና እንዳይመጣ ነገረችው፣ ስልኩን ኪቦርዱ ላይ በግንባሩ ደፋችው። ወደኔ አላየችም፤ የሚቀጥለውን ዘፈን ወረቀት መፈለግ ጀመረች።

የሆነ ነገር እስኪሰማኝ ጠበቅሁ፤ ደስታም ይሁን ለቅሶ። አልመጣም። እሷ ወረቀቱን እስክታገኝ ወፍራሙን ክር ብቻውን መታሁት። ቅኝቱ ትንሽ ወርዷል። መቼ እንደወረደ አላውቅም። መቃኛውን ጠምዝዤ ወደ ቦታው መለስኩት።