የእትየ ተዋበች የስዊድን ሥራ

«እንደው የትናየት፣ ተዋበች እውነት ስዊድን አገር ተቀጥራ ነበር?» አሉ ጎረቤቷ እትየ ደጊቱ፣ ንፍሮውን በየትናየት መዳፍ ላይ እያደረጉ።

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ለቀስተኞች ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

የትናየት ለእናቷ ቀብር አልደረሰችም። ከስዊድን ተነሥታ አርብ ገበያ ከተማ ስትገባ እትየ ተዋበች አፈር ለብሰዋል። ታላቅ ወንድሟ ደጀኔ አንዴ አቅፏት አለቀሰና ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሰላትም። እናታቸውን እስከ መጨረሻው ያስታመመ እሱ ነው። አሁንም ከማዶ፣ ከወንዶቹ መካከል፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ተቀጥራለች ያለው ማነው?»

«እሷው ናታ! ‹የትናየት ታስለቅሳለች፣ እኔ አጽናናለሁ፤ ሥራችን እንዲህ ነው› ትለን ነበር። ያገር ሰው ግን ተዋበች ስታወራ ትጨምራለች እያለ ይስቅባታል።»

የትናየት ሳታስበው ሳቀች። ወዲያው ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች።

«ንገሪን እንጂ» አሉ ቄስ ባዩ። «የሟች ደግነት ቢወራ ነውር የለውም።»

ነገረቻቸው።

የትናየት የምትሠራው በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነው፤ የሥነ ልቦና ሐኪም ናት። መርፌ አትወጋም፤ ሐዘንና ጭንቀት የከበደባቸውን ሰዎች ቁጭ አድርጋ ታናግራለች። ዓምና እናቷ ሊጠይቋት ሲሄዱ ብቻቸውን ቤት መዋል አልሆንላቸው አለ። ስለዚህ ይዛቸው ትሄድና ከቢሮዋ ደጅ፣ ኮሪደሩ ላይ ታስቀምጣቸው ነበር። እዚያ ሆነው ያዩት ነገር አላማራቸውም። ሰው ደኅና ሆኖ ይገባል፤ ዓይኑ ቀልቶ ይወጣል።

«አንቺ ልጅ፣ ምን እያደረግሽ ነው የሰው ልጅ የምታስለቅሽው?» አሏት አንድ ቀን ምሳ ላይ።

«እማየ፣ ሲያለቅሱ እኮ ይቀላቸዋል።»

«ምን ብለው ነው የሚያለቅሱት?»

«አይነገርም፤ ምስጢር ነው።»

«ንስሐ አባት ሆነሻላ!»

ቄስ ባዩን ሳቅ አመለጣቸው።

በማግስቱ አንዲት ሴት እያለቀሰች ከቢሮው ወጣች። እትየ ተዋበችን አላስቻላቸውም። ብድግ ብለው አንገቷን አቀፏትና «እግዜር ያጽናሽ፣ እግዜር ያጽናሽ የኔ እናት» እያሉ አብረዋት ያለቅሱ ጀመር። ማን እንደሞተ፣ ሰው መሞቱንም ቢሆን አያውቁም። የትናየት ከበሩ ብቅ ስትል አለቃዋ በኮሪደሩ እየመጡ ነው። ሥራዬ አበቃለት ብላ ደርቃ ቀረች። ሴትየዋ ግን እትየ ተዋበችን አልለቀቀቻቸውም። ኋላ ቀና ስትል፣ እትየ ተዋበች አፍንጫዋን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉላት። ያን ጊዜ ሴትየዋ በሳቅ ፈነዳች። አለቃዋም ፈገግ ብለው፣ ኮቴያቸውን አጥፍተው አለፉ።

«በሳምንቱ ስትመጣ» አለች የትናየት፣ «ገና ከበሩ ‹እናትሽ ዛሬ አሉ?› ብላ ጠየቀችኝ።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ።

«ለመሆኑ ሴትየዋ ምን ሆና ኖሯል?» አሉ እትየ ደጊቱ።

«አይነገርም፣ እትየ።»

ሳቁ እንደገና ፈላ። ሲበርድ ከማዶ አንድ ድምፅ ተሰማ።

«እውነት ነው?» ደጀኔ ነበር፤ ቀና ብሎ ያያታል። «እውነት አቅፋት አለቀሰች?»

«እውነት ነው፣ ጋሼ። ምንም አልጨመረችበትም።»

የደጀኔ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅስ መስሏት ልትነሣ ስትል ሳቁ ወጣ፤ ልጅ ሳለ ይስቅ እንደነበረው፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው ሳቀ።

«አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ እንኳ» አለ እንባውን እየጠረገ፣ «እኔ ሲከፋኝ ‹ና ደጀኔ፣ ሥራ አልፈታሁም› እያለች ታቅፈኝ ነበር። ምን ማለቷ እንደሆነ ገና አሁን ገባኝ።»

ከውጭ የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። ከንፋስ መውጫ የመጡ ዘመዶች ደርሰዋል። የትናየት ልትቀበላቸው ፈጥና ስትነሣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተ፤ በጥድፊያ ስትደርበው ጥለቱ እንደ በዓል ቀን ወደ ታች ሆነ።

ደጀኔ ተሻግሮ መጣ። ነጠላውን ከትከሻዋ አነሣ፤ ገለበጠውና ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጎ አለበሳት።