ፍሬ ያልያዘው ቅል

አያትየዋ በረንዳው ላይ ቅል የተከለችው ለቤቱ ሰው ሁሉ ይጠቅማል ብላ ነው። ለጋው ይቀቀላል፣ የደረቀው ውኃ መቅጃ ይሆናል፣ ቅጠሉ ደግሞ የልጅ ልጇ አልጋ ላይ የሚያርፈውን የከሰዓት ፀሐይ ይከልላል። ሐረጉስ አላሳፈራትም፤ በሦስት ወር የልብስ ማስጫውን ሽቦ ከዳር እስከ ዳር ወረሰው። ፍሬ ግን የለም። ማታ ማታ ነጭ አበባ ይፈነዳል፤ ከሥሯ አውራ ጣት የምታክል ቅል ያዘለችው ሁሉ በሳምንቷ ቢጫ ሆና ትረግፋለች።

«እማማ፣» አለ የልጇ ባል፣ እርጥብ ሸሚዙን በር ላይ እየሰቀለ፣ «ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ይላሉ፤ የእርስዎ ግን ሽቦዬን ሊበጥስ ነው። እሁድ እቆርጠዋለሁ።»

«ልጅቷስ በፀሐይ ትንደድ?»

«መጋረጃ እገዛለሁ።»

«መጋረጃ ይቀቀላል?»

«ይሄስ መቼ ተቀቀለ?»

ያልሞከረችው የለም። ውኃ ቀነሰች፣ ጨመረች፣ አመድ ነሰነሰች። ቅል ያላዘለውን፣ በቀጭን አገዳ ላይ ለብቻው የሚቆመውንም እንቡጥ ሁሉ፣ የሐረጉን ጉልበት እንዳይጨርስ ብላ ከሰዓት ከሰዓት ትቀነጥሳለች። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?

ቅዳሜ ዘር ሻጯ ዘንድ ሄዳ፣ «መካን ዘር ነው የሸጥሽልኝ» አለቻት።

«አበባ የለውም እንዴ፣ እናቴ?»

«ሞልቶት። ሰነፎቹን እኔው እየለቀምኩ እጥላለሁ።»

«ሰነፎቹ የትኞቹ ናቸው?»

«ቅል ያላዘሉት።»

ሻጯ ሚዛኗን አስቀመጠች። «እሱማ ወንዱ ነው። ባሏን በየቀኑ እየገደሉባት ከየት አምጥታ ትውለድ?»

አያትየዋ መንገዱን ሙሉ ራሷን ስትራገም ቤቷ ደረሰች።

እሁድ አማቿ መቁረጫውን ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመች። «ሁለት ሳምንት ስጠኝ።»

«በሁለት ሳምንት ምን ይለወጣል?»

ዘሩ ላይ፣ አፈሩ ላይ ልታላክክ ፈልጋ ነበር፤ አንደበቷ እምቢ አለ። «ወንዱን አበባ ስቀነጥስ የከረምኩት እኔ ነኝ።»

«ምን ብለው?»

«ልረዳው ብዬ ነዋ።»

መቁረጫውን ዝቅ አደረገ። «እሺ፣ ሁለት ሳምንት። ግን በረንዳው ለእርስዎ ዝግ ነው። የማጠጣውም እኔ ነኝ።»

ምን ምርጫ አላት? ያን ዕለት ማምሻውን በመስታወቱ በኩል ቆማ አየችው፤ ከነባልዲው መጥቶ ውኃውን ቅጠሉ ላይ ይረጫል።

«ሥሩን፣ ሥሩን አጠጣው እንጂ» እያለች መስታወቱን ቆረቆረች።

እሱ ጆሮውን በጣቱ አሳያት፤ አይሰማኝም ማለቱ ነው።