የሞራው መሰላል

በያጁ በታናሽ ወንድሙ ቤት ጣሪያ ጫፍ ላይ ብቅ ሲል መጀመሪያ የተቀበለው ሽታው ነበር። የሰነበተ ሥጋ ሽታ። አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነና፣ «ይሄ ሰውዬ ጣሪያውንም እንደ ሆዱ አቆሸሸው» አለ ለራሱ።

የመጣው ለጠብ ነው። ታናሽየው ቤቱ ውስጥ የሬዲዮ ክፍል አለው፤ ፈቃድ አውጥቶ ከዓለም ጋር የሚያወራ የአማተር ሬዲዮ ሰው ነው። ታላቅ እህታቸው እታለም ደግሞ ስልክ በማይደርስበት ደሴት ላይ የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሬዲዮ ትጠራቸዋለች። እናታቸው ስትሞት ሁለቱንም ያሳደገች እሷ ናት። ነገ መርከብ ይወስዳታል፤ ወደምትዛወርበት ቦታ ደግሞ የግል ሬዲዮ አይገባም። እንግዲህ የቀረው የዛሬው ብቻ ነው። ከሬዲዮው የሚወጣው ግን ከሰሞኑ ወዲህ ዘይት ላይ የተጣለ ድንች ዓይነት ጩኸት ሆኗል።

«መስመርህ ነው ጋሼ» ብሎታል ታናሽየው ጠዋት። «እስቲ ውጣና እየው።»

መስመርህ። ሲበላሽ የእሱ ነው። ሲሠራማ የማን ነበር? አባታቸው እሱን ከስድስተኛ ክፍል አስወጥቶ ብየዳ ቤት ሲወረውረው ታናሽየውን ዩኒቨርሲቲ ላከ፤ ይሁን፣ ያ አለፈ። ያላለፈው ሌላ ነው። የሬዲዮ ጓደኞቹ የመጡ ዕለት፣ ታናሽየው አፉን በሳንድዊች እንደሞላ በጣቱ እያመለከተ፣ «መሰላሉን የሠራልን ሰውዬ ይሄ ነው» አላቸው። ወንድሜ ነው ለማለት ምላሱ ተሳሰረ። ፍርፋሪው ሸሚዙ ላይ ሲረግፍ በያጁ ዛሬም ይታየዋል። ከዚያ ዕለት ወዲህ እታለም ስትጠራ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይሰማታል እንጂ ገብቶ አያናግራትም። ዛሬ ግን ሊያናግራት ቆርጦ ነው የመጣው።

«መሰላል» የሚሉት ከአንቴናው እስከ መስኮቱ የሚወርደውን መስመር ነው። ሁለት ራቁታቸውን የሆኑ የመዳብ ሽቦዎች ናቸው፤ ጎን ለጎን፣ እኩል ተራርቀው፣ በመሃላቸው እንደ መሰላል እርካብ እንጨት እየተጋደመ። አንዱ የሚገፋውን ሌላው እኩል ይስባል። እኩል እስከሆኑ ድረስ የጎረቤት ፍሪጅና መብራት ጩኸት አይገባባቸውም። አንዱ ብረት ከነካ ግን የሰፈሩን ጉድፍ ሁሉ ጠጥተው ሬዲዮው ውስጥ ይተፉታል።

ታናሹ ነካክቶት እንደሚያገኘው እርግጠኛ ነበር። የሚናገረውንም አዘጋጅቷል።

መስመሩ ላይ የሰፈሩ ቁራዎች ሲያዩት እየጮኹ ተነሡ። ከሥራቸው ያለውን ሲያይ ግን ያዘጋጀው ነገር ጠፋበት። እንጨቶቹ ተበልተዋል። ከፊሉ በምንቃር ተቦጫጭቋል፣ ከፊሉ የአይጥ ጥርስ አርፎበታል፤ የቀሩትን ጉንዳን ወርሷቸዋል፤ በላዩ ላይ ኩስና ላባ ተለጥፎ ይንጠባጠባል። አንዱ ሽቦ እርካብ አጥቶ የውኃ መውረጃው ቆርቆሮ ላይ ተጋድሟል።

ነገሩ ገባው። መስመሩን ሲሠራ ታናሽየው፣ «ጋሼ፣ እንጨቱን በሻማ ሰም ቀቅለው፣ ውኃ አይጠጣም» ብሎት ነበር። ብረት ነክቶ የማያውቅ ለስላሳ እጅ እሱን ሊያስተምር! እሺ ብሎ ሄደና ከሥጋ ቤት ሞራ ለምኖ፣ አቅልጦ፣ በዚያ ቀቀለው። ቅባት መቼም ቅባት ነው ብሎ።

«ምን ታየህ ጋሼ?» አለ ታናሽየው ከታች።

«ነፋስ ነው። ነፋስ ጥሎት ነው።»

የተበላ እንጨት ከእጁ አምልጦ ታናሽየው እግር ስር ወደቀ። አነሣው፣ አሸተተው።

«ጋሼ፣ ሞራ ነው እንዴ?»

በያጁ ቁራዎቹን አየ።

«ሰም አጥቼ ነው» አለ።

የወንድሙ ሚስት ከበረንዳው ሳቀች። እሷ ስትስቅ ድዷ ድረስ ይታያል፤ ያንንም አይወደውም። «አይ ጋሼ፣ ለቁራ ድግስ ደግሰው ነዋ እኛን በክርፋት የገደሉን። እኔ እኮ ባሌ ነው ብዬ ስንት ቀን ገላህን ታጠብ አልኩት።»

«እኔን ነው እንዴ?» አለ ባልየው።

«ታዲያ ማንን? ቤት ውስጥ ሌላ የሚሸት አለ?»

በያጁ ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ በጊዜ ያዘው። «ወሬውን ተዉትና ፕላስቲክ ነገር ፈልጉ። እንጨት ልጥረብ ብል ሰዓቱ ያልፋል።»

«ሱቅ ዛሬ ዝግ ነው» አለ ታናሽየው።

ሚስቲቱ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። ፀጉሯ በቢጉዲን ተጠቅልሎ ነበር። «ይሄስ? ፕላስቲክ አይደል?» ብላ አንድ በአንድ እየፈታች ባልዲ ውስጥ ጣለች፤ በያጁ ባልዲውን በገመድ ሳበው።

ቢጉዲኖቹ ከነፀጉራቸው ነበሩ። በቅባት ተለውሰው ጣቱ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ረጃጅም ፀጉር እጅጌው ላይ ይጠመጠማል። ምራቁን ወደ ጣሪያው ማዶ ተፋ። ሽቦዎቹን በራሱ ሸሚዝ ወልውሎ፣ ኩሱን በጥፍሩ ፍቆ፣ ቢጉዲኖቹን በሁለቱ ሽቦዎች መሃል እየሰካ እያጠበቀ ወረደ። በሕይወቱ እንደዚህ የሚያስጠላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ ቢሆንም አንዱንም አላጣመመውም።

ወደ ሬዲዮው ክፍል ሲገባ ጩኸቱ ሟሽሿል። ከሥሩ የሴት ድምፅ ይሰማል።

ታናሽየው ተነሣለትና ማይክራፎኑን ሰጠው። «በል አንተ ጀምር። እኔ ማስተካከያውን ልያዝ።»

«እንደምን ዋልሽ» አለ በያጁ። ከዚህ ሌላ ያዘጋጀው ቃል አልነበረም።

«እንደምን ዋልክ ትንሹ» አለች እታለም። «ድምፅህ ወፍሯል፣ ጉንፋን ነው? ያ ሆደ ባሻ ወንድምህስ? ዛሬም ኮሪደር ላይ ቆሞ ነው የሚሰማኝ?»

ታናሽየውን አየው፤ ለካ ነግሯታል። ታናሽየው ዓይኑን ማስተካከያው ላይ ተከለ።

ማይክራፎኑ የወንድሙን አፍ ይሸታል፤ ሽንኩርትና ሲጋራ። የገዛ እጁ ደግሞ ሞራና የሴት ፀጉር ቅባት። ቁልፉን ተጭኖ አፉን አስጠጋ።

«ገብቷል» አላት። «እኔ ነኝ፣ እታለም።»



«አንተ ደረቅ» አለች። «በል ቁጭ በል። ቆመህ ነው የምታወራኝ አይደል?»

እውነትም ቆሞ ነበር። ተቀመጠ። ወንበሩ ከወንድሙ ገላ ገና ይሞቃል፤ እሱም አስጠላው፤ ግን አልተነሣም።