የታኬታ ጥርስ

ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጫማ ሰፊ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ሁለት ሰዎች ስለ ኳስ ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛው ሳል ነበረበት። «ጎል ያለፈውን ነው የሚነግርህ፤ የሚመጣውን ከፈለግህ...» ብሎ ጀመረና ጌታዬ የስፌት መኪናውን ሲረግጠው ቀሪው ተዋጠ። ሌላኛው ሲስቅ ብቻ ተሰማኝ። ምን ብሎ እንደ ጨረሰው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ «ከፈለግህ» ይበል «ከፈራህ» እሱንም ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ብቻ ያቺ ጎዶሎ ነገር ስትከነክነኝ ኖረች።

አሁን የአንድ እግር ኳስ ክለብ ትጥቅ ያዥ ነኝ። ማልያ እቆጣጠራለሁ፣ ታኬታ እጠግናለሁ። ተጫዋቾቹ «ጋሽ መርፌ» ይሉኛል። ትምህርት ብዙ አልዘለቅሁም፤ የማውቀውን ያገኘሁት ከሰው አፍና ከጫማ ሶል ነው።

አሰልጣኛችን አንድ ልማድ አለው። የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ ለምክትሉ፣ ለበረኞች አሰልጣኝ፣ ለወጌሻውና ለእኔ ቁራጭ ወረቀት ያድለናል። በሚቀጥለው ዓመት ከሁሉ ይበልጥ ይሻሻላል የምንለውን አንድ ተጫዋች ጽፈን፣ አጥፈን እንሰጠዋለን። ዓመት ጠብቆ ይከፍተዋል። የእኔ ወረቀት ሦስት ዓመት በተከታታይ ልክ ሆነ። ወጌሻው አምና የጻፈው ልጅ ግን በሁለተኛው ወር ኳስ ትቶ የታክሲ ሹፌር ሆነ። «መሻሻሉስ ተሻሽሏል፤ አሁን አራት ጎማ አለው» ተብሎ ሲቀለድበት ከረመ። ከዚያ ወዲህ ነው መሰለኝ እኔን «ነቢዩ» የሚለኝ። እየሳቀ ይለዋል፣ ዓይኑ ግን አይስቅም። እኔም በዚያ ስም በተጠራሁ ቁጥር በልቤ ይቅር በለኝ እላለሁ።

የማደርገው ነገር ቀላል ነው። ተጫዋች የሚሻሻለው የማይችለውን ሲለማመድ ነው። ቀኝ እግረኛ ልጅ ማንም ሳያዘው በግራው መምታት ከጀመረ ከራሱ ጋር ትግል ገጥሟል ማለት ነው፤ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ይህን ደግሞ ከሶሉ ሥር ያለው የታኬታው ጥርስ ይነግረኛል። እንዴት እንደሚነግረኝ ለማንም አሟልቼ አውርቼ አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ እህቴ ቤት ምሳ ላይ፣ ግራ እግሩን የሚለማመድን ልጅ ከታኬታው ጥርስ አበላል አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ጉራ ናት፤ አምልጣኝ ነው።

ዘንድሮ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ክለቡ ካሉት ሁለት የቀኝ ክንፍ ተጫዋቾች የአንዱን ውል ብቻ እንደሚያድስ ተነገረ። አንደኛው ቀጭኑ የምንለው ልጅ ነው። ሌላኛው የእህቴ ልጅ ነው። ውሉ ካልታደሰ ሃያ አራት ዓመት ሞልቶት ሌላ ክለብ ማንኳኳት ሊጀምር ነው። አሰልጣኙ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ስላቃተው፣ የእኔን ወረቀት ዓመት ሳይጠብቅ በምሰጠው ዕለት እንደሚከፍተው ነገረኝ። ዘመዴ መሆኑን እንደሚያውቅ፣ ስለዚህም የሁለቱንም ታኬታ ጠረጴዛው ላይ አምጥቼ፣ በምክንያት እንዳስረዳው አዘዘኝ። ከሰዓት በኋላ ወጌሻው መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ፣ ዳኛውም ተከሳሹም ከአንድ ማጀት ነው የወጡት ሲል ሰማሁት። እንድሰማው ብሎ ነው ያለው።

ሰኞ ዕለት ታኬታዎቹ ለጥገና ገቡ። የእህቴ ልጅ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው የእሱን ከቤት በፌስታል ይዞ መጣ። ከፍቼ ሳየው የግራው ቢጫ ጥርስ እስከ ግማሽ ድረስ አልቋል። ደስ አለኝ፤ ተመስገን ብዬ ተነፈስኩ። ወዲያው ደግሞ የቀኙን አነሳሁ።

በግራው የሚመታ ሰው ክብደቱን የሚጥለው በቀኙ ላይ ነው። መሬቱን ቆንጥጦ የሚቆመው ቀኙ ነው። ስለዚህ ግራውን የሚለማመድ ልጅ የሚያልቅበት የቀኝ ታኬታው ጥርስ ነው፣ ያውም በውጭ በኩል። በግራው በኩል የሚላጠው ቆዳው ነው። የእህቴ ልጅ የግራ ቆዳ ግን ጭረት አልነካውም፤ የቀኙም ጥርስ ባለፈው ወር እንዳየሁት ነው። መነጽሬን አድርጌ ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ። ጥርሱ ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። መሬት በማስመሪያ አይበላም። ተሞርዷል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ልጁን በዓይኔ ስከታተለው ሰነበትኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ ሁሉ ነገሩ ተለወጠብኝ። ጠዋት ሲገባ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ሰላም አለኝ። ማክሰኞ ውኃ አመጣልኝ። ረቡዕ ታኬታዬን አየኸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አሁን ሳስበው ውኃ ከዚያ በፊትም ያመጣልኝ ነበር።

ሐሙስ ወደ ትጥቅ ክፍሉ ጠራሁትና ታኬታውን እጁ ላይ አኖርኩለት። ገለባብጦ አየው።

«ጋሼ፣ ምን ነክቶት ነው?»

እኔም እሱን ልጠይቅህ ነው የጠራሁህ አልኩት። ቤት ውስጥ ከደረጃው ሥር እንደሚያስቀምጠው፣ ሰኞ ዕለትም ሶሉን ሳያይ ፌስታል ውስጥ ከትቶ እንዳመጣው ነገረኝ። ጥርሱ ላይ ያሉትን መስመሮች በጣቴ አሳየሁት። ፊቱ ተለወጠ።

«አታለልከኝ በለኛ። በሙሉ አፍህ በለው።»

አላልኩም። አላታለልክም ማለትም ግን ከአፌ አልወጣ አለ። ታኬታውን መደርደሪያው ላይ ትቶልኝ ወጣ። ቁጭ ብዬ መጸለይ ሞከርኩ፤ በየመሀሉ የታኬታው ጥርስ በሐሳቤ እየመጣ ያቋርጠኛል።

በማግስቱ ታኬታውን በፌስታል ይዤ ወደ እህቴ ሄድኩ። ከቤቷ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የሴቶች ፀጉር ትሠራለች፣ ጥፍርና ተረከዝም ታስተካክላለች። ስገባ የአንዲት ደንበኛዋን ተረከዝ እየሞረደች ነበር። ልጁ የት እንደሚውል፣ ከማን ጋር እንደሚገጥም በዘዴ አወጣጣታለሁ ብዬ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ደንበኛዋ ስለ አማቷ ታወራለች፣ እኔ አዳምጣለሁ። ዓይኔ ግን መሞረጃዎቹ የተደረደሩበት ሳህን ላይ አረፈ። ከመካከላቸው የሰፊው ሻካራ ቦታ ቢጫ ዱቄት ተጠቅጥቆበታል። ቢጫ ተረከዝ ያለው ሰው አላውቅም።

ደንበኛዋ ከፍላ ስትወጣ ታኬታውን አውጥቼ ማበጠሪያዎቹ መካከል አስቀመጥኩት። እህቴ አየችው፤ ከዚያ እጇን በፎጣ ስትጠርግ ቆየች፣ ደርቆም እንኳ ስትጠርግ።

«እሱ አያውቅም» አለች። «እንዳትነግረው።»

መሞረጃውን ከሳህኑ አንስቼ ታኬታው አጠገብ አኖርኩት።

«ግራውን የሚለማመደውን ከጥርሱ አውቀዋለሁ ያልከው አንተ አይደለህም ወይ? ይኸው ግራው። ምን ጎደለው?»

ስለሚቆመው እግር አስረዳኋት። ሰምታኝ ስትጨርስ ሳቅ ቀደማት፤ ቀጥሎ ዓይኗ ሞላ።

«ታዲያ ስትናገር ጨርሰህ ተናገር፣ ወንድሜ። ዕድሜ ልክህን ሰው ታዳምጣለህ፣ አንተን ግን ግማሽህን እንጂ ሰምተንህ አናውቅም።»

ማንን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ቀጭኑን አልኳት። የእሱ የቀኝ ታኬታ በውጭ በኩል እንደ አሮጌ ሳሙና አልቋል፣ የግራው ቆዳም ተልጧል። እህቴ ታኬታውን መልሳ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው። እስከ በርም ሸኘችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አሰልጣኙ ቢሮ ተሰበሰብን፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ተጠርተው ነበር። ወረቀቴ ተከፈተ፣ የቀጭኑ ስም ወጣ። ጫማዎቹን አሳይቼ ስለ ጥርሱና ስለ ቆዳው አስረዳሁ። ወጌሻው የእህቴን ልጅ የግራ ታኬታ አንስቶ ይህስ ምንድን ነው አለ። ተሞርዷል አልኩ። በማን ሲል፣ ከቤታችን በሆነ ሰው፣ ልጁ ግን እንደማያውቅ፣ እኔም ያለ ጥፋቱ ጠርጥሬው እንደነበር እዚያው ፊቱ ተናገርኩ። የእህቴ ልጅ ቀና ብሎ አላየኝም።

ወጌሻው አልረካም።

«ራሱ ሞርዶ ራሱ ያገኘውስ ቢሆን? ዘመዱን ጥሎ ጻድቅ ሊመስለን! ለከርሞ የሚጽፈውን ሁሉ ዓይናችንን ጨፍነን እንድንውጥለት።»

እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ አስብ ነበር።

አሰልጣኙ ውሉን ለቀጭኑ ሰጠ። ለእህቴ ልጅ ደግሞ፣ ከፈለገ እስከ ዓመቱ አጋማሽ ከሁለተኛው ቡድን ጋር እንዲለማመድ፣ ያኔ ታኬታው እንደገና እንደሚታይ ነገረው። ልጁ እሺ አለ፤ አንድ ነገር ግን ጠየቀ። ጫማው ወደ ቤት አይሄድም፣ አጎቴም አይነካውም አለ። ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍ፣ ቁልፉን ወጌሻው ይያዝ፤ እየጠረጠረ ከሚሳሳልኝ ዘመድ አጥብቆ የሚጠረጥረኝ ባዳ ይሻለኛል አለ። አነጋገሩ ወጋኝ፤ እውነት ስለሆነ ግን ዋጥኩት።

ወጌሻው እጁን አወናጨፈ። ወጥመድ ነው፣ ነገ ጥርሱ ቢጎድል ነቢዩ በእኔ ሊያላክክ ነው አለ። ደግሞ እሱ ወጌሻ እንጂ የጫማ ዘበኛ እንዳልሆነ ተናገረ። ልጁ ታኬታውን እንደ ያዘ ፊቱ ቆሞ ጠበቀው። ወጌሻው የቀኙን ተቀብሎ ሶሉን ወደ ብርሃን አዞረ፣ በአውራ ጣቱ ጥርሱን አንድ በአንድ ነካካው፤ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው። በየሳምንቱ ቅዳሜ እንዲህ እንደሚያነሳው፣ ቁልፉም አንድ ብቻ እንዲሆንና እሱ ኪስ ውስጥ እንዲያድር ተናግሮ፣ እሺ፣ እይዛለሁ አለ።