ከድርቆሹ ሥር የተገኙት ጆንያዎች

ገበሬው ለከብቶቹ ድርቆሽ ሊያወጣ በረት ገብቶ ከክምሩ ሥር ሁለት ጆንያ ዩሪያ አገኘ። አፋቸው እንደተሰፋ ነው። ዘንድሮ ወገቡን ታሞ ስለተኛ ስንዴው ላይ ማዳበሪያ የበተነችው ሚስቱ ነበረች። «የታችኛውን ማሳ አራት ጆንያ ጨርሻለሁ» ብላው ነበር።

ወንድሟ ትዝ አለው። በዚህ ወር ሦስት ጊዜ ሸራ የለበሰ ጋሪ እየነዳ ወደ ታችኛው ማሳ ወርዷል። «ማዳበሪያዬን እያሸሹብኝ ነው» አለ በሆዱ። ጆንያዎቹን መልሶ ሸፈነና እንዳላየ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ብትስቅ «ምን አስደሰታት?»፣ ዝም ብትል «ምን ደበቀችኝ?» ይላል። ጆንያዎቹን ግን ማንም አልነካቸውም። ይኼ ይበልጥ አበገነው።

በአራተኛው ጊዜ ወንድሟን ደጅ ላይ ጠበቀው።

«ዛሬስ ምን ልትጭን ነው?»

«ላራግፍ ነው እንጂ!» ሸራውን ገለጠው። የበሰበሰ ፍግ ነው።

ሚስቱ ወጣች። የባሏን ፊት ስታይ ገባት።

«አገኘሃቸው ማለት ነው።»

«ዋሽተሽኛል!»

«አዎ፣ ዋሽቻለሁ። ብነግርህ እሺ ትለኝ ነበር? በየዓመቱ ዩሪያ ብቻ! ገለባውን እንኳ ጠራርገን ነው የምንወስድበት። የአፈር ባለሙያዋ ‘መሬቱ እየኮመጠጠ ነው’ ስትል ሳቅህባት። ዘንድሮ ግማሹን በፍግ ተካሁት። ይኼ ጋሪው ላይ ያለው የከርሞው ነው።»

ምርኩዙን ይዞ እያነከሰ ወደ ታችኛው ማሳ ወረደ። ድሮ እንደ ጡብ ደረቅ የነበረው መሬት ላይ ምርኩዙን ቢተክለው ስንዝር ያህል ሰመጠ። ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ አፈር ዘገነ፤ ትሎች ይርመሰመሱበታል።

«እነዚህንም በጋሪ አምጥተሃቸው ይሆናል» አለው የሚስቱን ወንድም።

«አንድ በአንድ ቆጥሬ!»

አጨዳ ደረሰ። ምርቱን ለማንም ሳያስነካ ራሱ መዘነው። ካምናው ትንሽ አነሰ።

«አላልኩሽም?»

«በግማሽ ማዳበሪያ እኮ ነው» አለችው።

ከታችኛውም ከላይኛውም ማሳ አፈር በፌስታል ቋጠረና በጋሪው ተሳፍሮ፣ ፌስታሉን ጭኑ ላይ አድርጎ የአፈር ባለሙያዋ ዘንድ ሄደ። የሚስቱ ወንድም «ልያዝልህ» ቢለው እምቢ አለ። ባለሙያዋ መርምራ የታችኛው ማሳ ማገገም እንደጀመረ፣ ኮምጣጣነቱን የሚያጠፋ ኖራ ግን እንደሚያስፈልገው ነገረችው።

«እሷ ናት እንዲህ በይው ያለችሽ?»

«ማን እሷ?»

በከርሞው የላይኛውን ማሳ እኩሌታ ለሚስቱ ለቀቀላት። በሌላው እኩሌታ ላይ ዩሪያውን እንደልማዱ በተነ፤ ድንበሩ ላይም ችካል ተከለ፤ እንዳታንቀሳቅሰው ጠዋት ጠዋት እየሄደ ያየዋል።